እጅ ሌላ፣ ኮምፒውተር ሌላ፦ የማርሽ ቦታ ሴንሰር ብልሽትን ለይቶ ማወቅ

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ በክራር የአምባሰል ቅኝት፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።)

ከደሴ እስከ ወልድያ ባለው መስመር፣ በሐይቅም በውጫሌም መሪ ጨብጣችሁ የምትከታተሉን ሹፌሮች፣ ከመኪና ሥር ተጋድማችሁ ሬዲዮ የምትሰሙ መካኒኮች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ዛሬ የምናወራው ከመዳፍ ስለማትበልጥ አንዲት ዕቃ ነው። በብዙ አውቶማቲክ መኪኖች ላይ ካምቢዮው ጎን በሁለት ብሎን ታስራ ትቀመጣለች። አብዛኛው ባለመኪና ስሟን እንኳ አያውቅም። ስትታመም ግን ጦሷ ለሌላው ይተርፋል፤ ደህናው ባትሪ ይለወጣል፣ ደህናው ሞተሪኖ ይፈታል፣ አንዳንዴም ደህናው ካምቢዮ ይወርዳል።

(የድምፅ ግብዓት፦ የመኪና ቁልፍ ሲዞር፤ ከዚያ ጸጥታ።)

እንዲህ እናስብ። ቀኑ እሑድ ነው። አንድ አስተማሪ እናቱን ከውጫሌ አሳፍሮ ወደ ደሴ ሲጓዝ፣ ሐይቅ ከተማ ላይ ወረድ ብለው ዓሣ በሉ። መኪናዋ አውቶማቲክ ቪትዝ ናት። ተመልሰው ገቡና ቁልፉን አዞረ፤ ዝም። የዳሽቦርዱ መብራት በርቷል፣ ሬዲዮው ይዘፍናል፣ ሞተሪኖው ግን ትንፍሽ አላለም። እንደ አገራችን ወግ ሰው ወዲያው ተሰበሰበ። አንዱ «ባትሪ ነው» አለ። ሌላው «ሞተሪኖው ተቃጥሏል» ብሎ ፈረደ። ሦስተኛው እጅጌውን ሰብስቦ ለመግፋት ተዘጋጀ፤ አውቶማቲክ መኪና ተገፍታ እንደማትነሣ የነገረው የለም። በዚህ መሀል አንድ ወጣት መካኒክ በመስኮቱ አጎንብሶ፣ «አብሽሩ ጋሼ፤ ፍሬኑን ይርገጡና ማርሹን ከፒ ወደ ኤን ያምጡት። ከዚያ ይሞክሩ» አለው።

መኪናዋ ተነሣች። እናትየው ተገርመው «ምን አደረግህላት ልጄ?» ቢሉት፣ «ምንም እማማ። ፒ ላይ መቆሟን አልሰማችም ነበር» ሲል መለሰላቸው።

የዛሬው ትምህርታችን በዚያች «አልሰማችም» በምትለው ቃል ላይ ነው።

እናትየው የተሳፈሩባት ውጫሌ ይህን ነገር ከማንም ቀድማ ታውቀዋለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል ምድር፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ የዳግማዊ ምኒልክ መንግሥትና በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ የተወከለችው ኢጣሊያ የውጫሌን ውል አደረጉ። ውሉ አንድ፣ ቋንቋው ሁለት ነበር። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይችላሉ ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገባቸው። አንደኛው ወገን የጻፈውን ሌላኛው እንደዚያ አላነበበውም። መዘዙም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ።

በመኪናም እንዲሁ ነው። የሹፌሩ እጅ አንድ ነገር ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ይሰማል። በሁለቱ መካከል ቆማ የምታስተረጉመው ይህች ዕቃ ናት። የማርሽ ቦታ ሴንሰር እንላታለን። በጋራዥ ኒውትራል ስዊች ወይም ኢንሂቢተር ስዊች ስትባል ልትሰሙ ትችላላችሁ፤ ያው ናት።

አሠራሯ ከባድ አይደለም። የማርሽ እጀታውን ስታንቀሳቅሱ አንድ ካቦ ይጎተታል። ካቦው ካምቢዮው ጎን ላይ ያለውን ዘንግ ያዞራል። ዘንጉ በሴንሰሯ መሀል ስለሚያልፍ፣ በውስጧ ያሉት የብረት ንክኪዎች አብረውት ይዞራሉ። እጀታው ፒ ላይ ሲሆን የተወሰኑ ሽቦዎች ይገናኛሉ፣ አር ላይ ሌሎች፣ ኤን ላይ ሌሎች፣ ዲ ላይ ሌሎች። ኮምፒውተሩ እጀታውን አያየውም። የሚያውቀው በየትኛው ሽቦ መልእክት እንደመጣ ብቻ ነው። በስተርጅና የማታይ ንግሥት ብላችሁ አስቡት፤ ዓለምን የምታውቀው መልእክተኛዋ በነገራት ልክ ነው።

በዚያች መልእክት አራት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ሞተሪኖው ፒ ወይም ኤን ላይ ብቻ እንዲሠራ ይፈቀድለታል። ሁለተኛ፣ አር ላይ ነጩ የኋላ መብራት ይበራል። ሦስተኛ፣ በዳሽቦርዱ ላይ ማርሹ የት እንዳለ የሚያሳየው ፊደል ይበራል። አራተኛ፣ የካምቢዮው ኮምፒውተር የዘይቱን ግፊትና የማርሹን መቀያየር በዚያው መሠረት ይወስናል።

ይህ ጥንቃቄ ከምን መጣ ብትሉ፣ ከአደጋ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲያስተዋውቅና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የማርሾቹ ቅደም ተከተል ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያይ ነበር። መኪና የቀየረ ሹፌር ወደፊት አስቦ ወደኋላ ይሄድ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ኤን በወደፊትና በኋላ ማርሽ መካከል እንዲቀመጥ፣ ሞተሪኖውም መኪናዋ ማርሽ ላይ ሳለች እንዳይሠራ በደንብ አስገደደች። ሐይቅ ላይ መኪናዋን አላስነሣ ያለችው ዕቃ እንግዲህ ጠባቂ ናት።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንምጣ። ሴንሰሯ ስትታመም ምን ታሳያለች?

ከሁሉ የሚታወቀው አሁን የሰማነው ነው፤ ፒ ላይ አልነሣም ብላ ኤን ላይ ትነሣለች። ወይም እጀታውን ወደፊት ገፋ፣ ወደኋላ መለስ ሲያደርጉት ትነሣለች። ሌላው፣ እጀታው ዲ ላይ ሆኖ ዳሽቦርዱ ኤን ይላል ወይም ምንም ፊደል አያሳይም። ሦስተኛው፣ የኋላ ማርሽ ሲገባ ነጩ መብራት አይበራም ወይም ወደፊት እየሄዱ ይበራል። አራተኛው ከሐይቅ ወደ ደሴ ሽቅብ ስትወጡ የሚያጋጥም ነው፦ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፣ ካምቢዮው በአንድ ማርሽ ይያዛል፣ ነዳጅ ቢረግጡ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትፈጥንም። ኮምፒውተሩ የማርሹን ቦታ ማመን ሲያቅተው፣ ካምቢዮውን እንዳይጎዳ በአንድ ማርሽ ይወሰናል። ይህን ያየ ሰው «ካምቢዮው አለቀ» ይላል። ብዙ ጤነኛ ካምቢዮ የሚወርደው በዚህች ቅጽበት ነው።

ከዚህች ሴንሰር ጋር የሚምታታ ሌላ ችግርም አለ። እጀታው ከፒ አልወጣም ካለ፣ መጀመሪያ የፍሬን መብራታችሁን ፈትሹ። የፍሬን መብራት ከሌለ፣ ችግሩ ፊውዝ ወይም ፍሬን ፔዳሉ ሥር ያለው ስዊች ሊሆን ይችላል። ፍሬን መረገጡን ያልሰማ መቆለፊያ እጀታውን አይለቅም። እሱ ሌላ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ።

ለምን ትታመማለች? ቀዳሚው ጠላቷ ውሃ ነው። የተቀመጠችው ከታች፣ ጭቃና ውሃ በሚረጭበት በኩል ነው። ላቫጆ ላይ በከፍተኛ ግፊት ሞተር ሲታጠብ ውሃ በሶኬቷ ይገባል፤ ንክኪዎቿ ይዝጋሉ፣ አረንጓዴ ዱቄት ይለብሳሉ። ግሸን ማርያም በአምባሰል ናት፤ የመስከረም 21 ንግሥ ደግሞ የክረምቱ ጭቃ ገና ሳይጠነክር የሚደርስ በዓል ነው። ከዚያ ጉዞ መልስ መኪናችሁ ፒ ላይ ማንገራገር ከጀመረች፣ ከሞተሪኖው በፊት ይህችን ሶኬት ጠርጥሩ። ሁለተኛው ምክንያት ካቦው ነው፤ ይላላል፣ በጫፉ ያለችው ጎሚኒ ትበላለች፣ እጀታው ፒ ሲል ከታች ያለው ዘንግ ፒ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ሦስተኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ ካምቢዮው ለሌላ ሥራ ሲወርድ ሴንሰሯ ተፈትታ ያለ ልኳ ትታሰራለች። አራተኛው ዕድሜ ነው። ለዓመታት ሲፋተግ የኖረ ንክኪ ያልቃል።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

እርሳስና ወረቀት ያላችሁ ያዙ። ምርመራውን ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከማይፈታው ወደሚፈታው እንሄዳለን።

ከሁሉ በፊት መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማዎቹ ሥር ከፊትም ከኋላም ታኮ ወይም ድንጋይ አድርጉ። ከፊቷም ከኋላዋም ሰው አይቁም፤ በተለይ ሕፃናት።

አንድ፣ ባትሪውን ነጻ አውጡት ወይም ወንጅሉት። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12 ቮልት በታች ከሆነ ባዶ ነው በሉት፤ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ። ቴስተር ከሌላችሁ የፊት መብራት አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪውን ወይም ሞርሴቶውን ተመልከቱ። ካልደበዘዘና ሞተሪኖው ፈጽሞ ዝም ካለ፣ ትእዛዙ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም ማለት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ጆሯችሁን አቅኑ። «ቀጭ» የሚል ጠንካራ ድምፅ ከሞተሪኖው ከሰማችሁ፣ መልእክቱ ደርሷልና ሴንሰሯ በዚህ ጉዳይ ነጻ ናት፤ ጥያቄው ወደ ሞተሪኖው ወይም ወደ ባትሪው ኃይል ይዞራል።

ሁለት፣ ኤን ላይ ሞክሩ። ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን ኤን አድርጉና ቁልፉን አዙሩ። ፒ ላይ እምቢ ብላ ኤን ላይ ከተነሣች፣ ባትሪውም ሞተሪኖውም ደህና ናቸው። ጥርጣሬው በሴንሰሯ፣ በካቦውና በሽቦው ላይ ብቻ ቀረ። አንዲት የእጅ እንቅስቃሴ የሞተሪኖ ዋጋ አተረፈችላችሁ ማለት ነው።

ሦስት፣ ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉና ፍሬን ረግጣችሁ እጀታውን ከፒ እስከ ዲ ቀስ እያላችሁ ውሰዱት። ዓይናችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ይሁን። ፊደሉ ከእጃችሁ ጋር እኩል ይሄዳል ወይስ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይቀራል? በሁሉም ቦታ እኩል ከተንሸራተተ ካቦው ወይም የሴንሰሯ አቀማመጥ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ ከጠፋ ግን የዚያ ቦታ ንክኪ ወይም ሽቦ ነው። አር ላይ ስትደርሱ ጓደኛችሁ ከጎን ቆሞ የኋላውን መብራት ይይላችሁ። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ መብራቱ ብቻ ከጠፋ ቀድማችሁ አምፖሉንና ፊውዙን ፈትሹ።

አራት፣ ኮምፒውተሩን ጠይቁት። በስካነር ሲነበብ የሚወጡት ኮዶች በአብዛኛው ከፒ 0705 እስከ ፒ 0709 ያሉት ናቸው። ፒ 0705 የሴንሰሯ መስመር ተዛብቷል ይላል፤ ለምሳሌ ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ሲነገረው ወይም አንዱም ሳይነገረው ሲቀር። ፒ 0706 የሚመጣው መልእክት ከመኪናዋ ሁኔታ ጋር አይጣጣምም ይላል። ፒ 0707 ምልክቱ ዝቅ፣ ፒ 0708 ምልክቱ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ፒ 0709 ደግሞ አንዴ እየመጣ አንዴ የሚጠፋ ንክኪን ይናገራል። ልብ በሉ፤ ኮዱ «ይህን ዕቃ ቀይር» አይልም። «በዚህ መንገድ የመጣው ቃል አልገባኝም» ነው የሚለው። ቃሉን ያበላሸው ሴንሰሯ፣ ሽቦው፣ ሶኬቱ ወይም ካቦው ሊሆን ይችላል። ኮዱን ሳትጽፉ አታጥፉት። ከተቻለ በስካነሩ ላይ የማርሹን ቦታ በቀጥታ እያያችሁ እጀታውን አንቀሳቅሱ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ መኪኖች በተለመደው ርካሽ ስካነር አይነበቡም፤ ይህ ከሆነ አትደንግጡ፣ የሚቀጥሉት እርምጃዎች ያለ ስካነርም ይሠራሉ።

አምስት፣ ዝቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ታኮው እንዳለ፣ አንድ ሰው እጀታውን ያንቀሳቅስ፤ እናንተ ካምቢዮው ጎን ያለውን ዘንግ እዩ። እጀታው እየሄደ ዘንጉ ከዘገየ ወይም ጫፉ ላይ ከተንገዳገደ፣ በሽታው ካቦው ወይም ጎሚኒው ነው፤ አዲስ ሴንሰር ብትገዙም አያድናችሁም። ዘንጉ በትክክል ከዞረ ሶኬቱን ንቀሉና ወደ ብርሃን አቅርባችሁ እዩት። እርጥበት፣ አረንጓዴ ዝገት፣ የታጠፈ እግር፣ የተላጠ ሽቦ አለ? ንክኪ በሚያጸዳ ስፕሬይ አጽዱት፣ አድርቁት፣ መልሳችሁ ሞክሩት። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቃል።

ስድስት፣ በቴስተር ጠይቋት። ቁልፉ ኦፍ ላይ ሆኖ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ቴስተሩን መገናኘትን በድምፅ በሚናገርበት ቦታ ላይ አድርጉ። የትኛው እግር ለምን እንደሆነ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የመኪናችሁን የሽቦ ንድፍ ያዙ። የማስነሻው ጥንድ ፒ እና ኤን ላይ መጮህ፣ አር እና ዲ ላይ ዝም ማለት አለበት። የኋላ መብራቱ ጥንድ አር ላይ ብቻ ይጮኻል። ሲገናኝ ንባቡ ወደ ዜሮ ኦም ይጠጋል። ፒ ላይ ካልጮኸና እጀታውን በጥቂቱ ገፋ ሲያደርጉት ከጮኸ ማስተካከል ይበቃታል። የትም ቢገፉት ካልጮኸ፣ ወይም ንባቡ ከዘለለ፣ ንክኪዋ አልቋል። ጩኸቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ችግሩ ካለ ደግሞ ሴንሰሯ ንጹሕ ናት፤ ፊውዙንና ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን ሽቦ ተከተሉ።

ማስተካከሉ እንዲህ ነው። ማርሹን ኤን ላይ አድርጉ። ሁለቱን ብሎኖች አላሏቸው እንጂ አታውጧቸው። ቀዳዳዎቻቸው ሞላላ ስለሆኑ ሴንሰሯ ግራና ቀኝ ትንቀሳቀሳለች። ብዙ ፋብሪካዎች በላይዋ ላይ የኤን መስመር አስምረውባታል፤ የዘንጉን ምልክት ከዚያ መስመር ጋር አግጥሙና ብሎኖቹን አጥብቁ። ከዚያ ፍሬን ረግጣችሁ በየቦታው ፈትኗት። ፒ እና ኤን ላይ ትነሣ፣ አር እና ዲ ላይ አትነሣ። ይህ ፈተና ሳይደረግ የተመለሰ መኪና እንደተሠራ አይቆጠርም።

በአንዳንድ መኪኖች ይህች ሴንሰር ካምቢዮው ውስጥ፣ ዘይት መሀል ነው ያለችው። እንዲህ ያሉትን በመንገድ ዳር አትክፈቱ፤ ምርመራችሁን እስከ ሶኬቱ ድረስ አድርጉና ቀሪውን ለሚያውቀው ባለሙያ ስጡ።

በኤሌክትሪክ መኪናስ? በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በመንገዳችን ላይ እየበዙ ነው። ካቦው ቀርቶ በሽቦ ቢተካም፣ ንክኪውም በማግኔት ቢለወጥም፣ ጥያቄው ያው ነው፦ እጅ ያለውን ኮምፒውተሩ ሰምቷል? እንዲያውም የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ ስለሌለው መኪናዋ ዲ ላይ መሆኗን በጆሮ አታውቁትም። ዓይናችሁን ከፊደሉ አትንቀሉ።

(ሙዚቃው በለሆሳስ ይገባል።)

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ከመሰናበታችን በፊት አንድ አደራ። መኪና አልነሣ ሲል የዚህችን ሴንሰር ሁለት ሽቦዎች በፒንሳ ላጥ አድርጎ፣ አጣምሮ፣ ናስትሮ ጠቅልሎ «ተሠራ» የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። እውነት ነው፣ መኪናዋ ትነሣለች። ግን ዲ ላይም ትነሣለች፤ አር ላይም ትነሣለች። ጠዋት ከበር ላይ ልጅ እየተጫወተ፣ አባት እጁን በመስኮት አስገብቶ ቁልፍ ቢያዞር፣ ማርሽ ላይ ከነበረች መኪናዋ ትዘላለች። ያ ናስትሮ የመኪናዋን ጠባቂ አፍ የሸበበ ናስትሮ ነው። እንዲህ ታስሮ ያለ መኪና ካላችሁ ነገ ሳይሆን ዛሬ አስፈቱት። ባለሙያዎችም፣ ባለመኪናው ቢለምናችሁ እንኳ እምቢ በሉ።

ደህና ዋሉ፤ መንገዳችሁ የሰላም ይሁን።